ጣሪያ ከፍቶ መንሸራሸር ላማረው የድሮ ቮልስ ባለቤት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ቮልስን ሳያያት በድምጿ ያውቃታል። አንዳንዱ ከአባቱ ወርሷታል። አንዳንዱ ሰው ግቢ ውስጥ ሣር በቅሎባት አግኝቶ አስነስቷታል። አሁን አሁን ደግሞ ወጣቶቹ ቀለሟን አሳምረው፣ ቸርኬዋን ቀይረው እሁድ እሁድ ይዘዋት ብቅ ይላሉ። ጣሪያዋ የሚታጠፈው ከሆነችማ ትራፊኩ ሳይቀር ዞር ብሎ ነው የሚያያት።

ፎቶ ላይ ሁሏም ታምራለች። ጉዱ የሚታየው ከሱሉልታ ወዲያ፣ ዳገትና ቁልቁለቱ ሲመጣ ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፣ አየሩ ደግሞ እኛ ደጋ ላይ ስስ ነው። ባለቤቶቿ የሚሠሩት ስህተት ብዙ ጊዜ ይህንን ከመርሳት ይመጣል።

የደህናዋን ጣሪያ ማስቆረጥ

ከትልቁ ጥፋት ልጀምር። ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቮልስ እንደ ልብ አትገኝም። ካርማን የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኦስናብሩክ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ድረስ ከ330,000 የሚበልጡ ሠርቷል። ብዙ ይመስላል፤ ግን ቮልስ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። እናም ያላገኘ ሰው ምን ያደርጋል? ባለ ጣሪያዋን ባትላሜራ ቤት ወስዶ በግራይንደር ያስቆርጣል።

ጣሪያው ዝናብ መከላከያ ብቻ አይደለም። የቦዲውን ፊትና ኋላ አያይዞ የሚይዘው እሱ ነው። ካርማን ጣሪያውን ሲያነሳ ከበሮቹ ሥር ጠንካራ ብረት ጨምሯል፣ የበሩን ምሰሶዎችም አጠናክሯል። ለዚህ ነው የብረት ጣሪያ የሌላት መኪና ጣሪያ ካላት የምትከብደው። ይህ ሳይደረግ የተቆረጠች ቮልስ መሃሏ ይወርዳል። መጀመሪያ በሩ እንቢ ይላል። ቀጥሎ መስታወቱ ይሰነጠቃል። አደጋ ቢደርስ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም።

“ኦሪጅናል ነች” ተብላችሁ ልትገዙ ከሆነ በሩን ዝጉና ከበሩ ኋላ ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች በዓይናችሁ ተከተሉ። ከታች ሰፍቶ ከላይ ከጠበበ ቦዲው ወርዷል ማለት ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ የበሩን ሥር እዩ። እዚያ ስቱኮ የበዛበት ነገር ካለ ዋጋ መከራከሩን ትታችሁ ሂዱ። የምትፈልጉት ሰማይ ማየት ብቻ ከሆነ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ መሃሉ ላይ የሚከፈት ጣሪያ ያላቸው ቮልሶች ሠርቷል። እነሱን መፈለግ ይሻላል።

“ሞተሩ ይተንፍስ” ብሎ የኋላ ኮፈን ከፍቶ መንዳት

ኮፈኑ ሥር እንጨት ወይም ብረት ሰክተው የሚነዱ ብዙ ናቸው። ሐሳቡ ደግ ነው፤ አሠራሩን ግን አያውቅም። ፋኑ ንጹሕ አየር ከላይ ይስባል፣ ሲሊንደሮቹ ላይ ያሳልፍና ሙቁን ወደ ታች ይተፋል። ላይኛውን ከታችኛው የሚለዩት በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና ጠርዙን የሚዞረው ጎማ ናቸው። ሞተር ሲወርድ እነዚህን “ትርፍ ነገር” ብሎ ጥግ የሚጥል መካኒክ አለ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ራሱ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ኮፈኑን መክፈት ይህንን አያድንም፤ ጭራሽ የመንገዱን አቧራ ይጨምርበታል። መድኃኒቱ የጎደለውን ላሜራና ጎማ ፈልጎ መመለስ ነው።

ጣሪያዋ የሚታጠፈው ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ባለ ጣሪያዋ አየር የምትስበው ከኋላ መስታወት ሥር ባሉት ክፍተቶች ነው። የሚታጠፈው ሸራ ያንን ቦታ ስለሚይዘው ካርማን የአየር ቀዳዳዎቹን ኮፈኑ ላይ አድርጓል። ኮፈኑ ተበላሽቶ ከሌላ ቮልስ ቀዳዳ የሌለው ቢገጠምላት መኪናዋ ታፍና ትነዳለች። ስትገዙ ይህንንም እዩ።

ቀዩን መብራት አይቶ “እስከ ማደያው ልድረስ” ማለት

ሌላ መኪና ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀዩ የዲናሞ መብራት ቢበራ ባትሪው እስኪያልቅ ትነዳላችሁ። ቮልስ ላይ ግን ዲናሞውንም ፋኑንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው። ከተበጠሰ ማቀዝቀዣ የለም። በደቂቃዎች ውስጥ ሞተሩ ሊነክስ፣ ማለትም ግሎ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ጥግ ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ።

ደስ የሚለው፣ መንገድ ላይ የሚቀየር ነገር ነው። ትርፍ ቺንጋ፣ 21 ቁልፍና አንድ ጠንካራ ካቻቢቴ ይበቃል። የዲናሞው ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት፣ ለሁለት የሚከፈል ነው። ከውስጠኛው ግማሽ ጠርዝ ላይ ቁርጥ ያለች ቦታ አለች። ካቻቢቴውን እዚያ አግቡና ጫፉን ከላይ ያለው የዲናሞው ብሎን ላይ አስደግፉት፤ ፑሌጃው አይዞርም። ዳዶውን ፍቱ፣ የውጪውን ግማሽ አውጡ። በሁለቱ መሃል ቀጫጭን ራንዴላዎች ታገኛላችሁ። ቺንጋው እንዲጠብቅ ከመሃል አንድ ሁለቱን አንሱ፣ እንዲላላ ጨምሩ። የተረፉትን አትጣሉ፣ ከውጪ በኩል አድርጋችሁ እሰሩ። ሲያልቅ በአውራ ጣት ስትጫኑት አንድ ሴንቲ ተኩል ገደማ ገባ ማለት አለበት። ከዚያ በላይ ካጠበቃችሁት የዲናሞው ኩሽኔታ ያልቃል። ይህንን ቤት ደጃፍ ላይ አንዴ ተለማመዱት። ቱሉ ሚልኪ ላይ ፀሐይ አናት እየበሳ መማር አይጠቅምም።

ዘይትን እንደ ሌላው መኪና ማየት

የቮልስ ሞተር የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ፊልትሮ የለውም፣ ከሥር አንድ ወንፊት ነው ያለው። ያቺው ትንሽ ዘይት ማለስለሱንም ማቀዝቀዙንም ትሠራለች። ስለዚህ “10,000 ይሄዳል” የሚለው የጣሳው ጽሑፍ እናንተን አይመለከትም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ፣ ወንፊቱንም አስወርዳችሁ እጠቡ። ወንፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ መካኒኩን ጠይቁት። “ጋሼ፣ ይሄ የምን ብረት ነው?” ስትሉት የሚመልሰው መልስ ሞተራችሁ ስንት ዓመት እንደቀረው ይነግራችኋል።

በዚያው ቀን ቫልቭ ይስተካከል። በተለመዱት ሞተሮች ላይ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ። ከቤት ነድታችሁ እንደደረሳችሁ፣ ገና እየጋለ ሊለካ የሚጀምር መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉት። በተለይ በቀደሙት ሞዴሎች ሦስተኛው ሲሊንደር የዘይት ማቀዝቀዣው አየር ስለሚከልልበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። የቫልቭ መበጠስም ብዙ ጊዜ ከእሱ ይጀምራል።

ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ማስጨነቅ፣ ቁልቁለት ላይ ፎሌ መልቀቅ

ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፣ ጥፋታቸው ግን አንድ ነው።

የ1300 ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የሚቀረው 30 ገደማ ነው። ዳገት ሲመጣ ማርሽ ለመቀነስ የሚሰንፍ ሾፌር በዝቅተኛ ዙር ያንቃታል። ፋኑ የሚዞረው በሞተሩ ዙር ልክ ስለሆነ ሙቀቱ በሚበዛበት ሰዓት አየሩ ያንሳል። ቶሎ ወደ ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ አውርዱ። ትጩህ፣ ግድ የለም።

ቁልቁለቱ ደግሞ የባሰ ነው። ከጎሃ ፅዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ማርሹን ነፃ አድርጎ መውረድ የኛ አገር ክፉ ልማድ ነው። አብዛኞቹ የድሮ ቮልሶች አራቱም እግር ላይ ፍሬናቸው ባለ ሸራ (የከበሮ ፍሬን) ነው፣ ሲግል ይለቃል። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ካልተቀየረ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ሞተሩ ይይዛችኋል፣ ፋኑም በደንብ እየዞረ ያቀዘቅዛል።

እግረ መንገዴን ስለ ካርቡራተር ልበል። ደጋ ላይ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ይጠቁራል። መካኒኩ ለአዲስ አበባ ብሎ በጣም ካሳነሰው ግን ቆላ ስትወርዱ፣ አዋሽ በሉት ዓባይ፣ ቅይጡ ይሳሳል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ዘወትር ቆላና ደጋ የምትመላለሱ ከሆነ ትንሽ ጥቁር ካንዴላ ብትታገሡ ይሻላል።

የቤንዚን ጎማና ከወንበር ሥር ያለው ባትሪ

ቮልስ ስትቃጠል አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ብር የማይበልጥ ጎማ ነው። ቤንዚኑን ከቱቦው ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚወስዱት አጫጭር ጎማዎች በሙቀት ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። እጠፏቸው፤ ከተሰነጠቁ ዛሬውኑ ቀይሩ፣ በማሰሪያም እሰሯቸው። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ያለበት ነው። አንዴ እሱ ራሱ ከተያያዘ ውሃ መርጨት እሳቱን ያባብሰዋል። የዱቄት ማጥፊያው የሚያድናችሁ ገና ቤንዚኑ ሲነድ ነው፤ ስለዚህ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን እንጂ ፊት ኮፈን ውስጥ አይቀበር።

ባትሪው የኋላ ወንበር ሥር ነው። መሸፈኛው ከጠፋ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ይነካል። ወንበሩ ውስጥ ያለው ጭረት ደረቅ ነው፣ ቶሎ ይያያዛል። አንድ ቁራጭ ወፍራም ጎማ አልብሱት። በቃ።

ሸራውን እርጥብ እያለ ማጠፍ

የካርማን ጣሪያ አንድ ጨርቅ አይደለም፤ ውስጡ ድርብርብ ነው። ዝናብ መትቶት ሳይደርቅ ከታጠፈ ውስጡ ይሻግታል፣ ማጠፊያ ብረቱም ይዝጋል። ክረምት ላይ ከተቻለ ተዘርግቶ ይዋል። በዱቄት ሳሙና አትጠቡት፣ በለስላሳ ብሩሽና በለዘብተኛ ሳሙና ነው። የፕላስቲክ ልብስ አልብሶ ሜዳ ላይ ማቆምም ያው ነው፤ እርጥበቱን አፍኖ ወለሉን ያስበላዋል። ዝገት በልቶት እንደሆነ ለማወቅ ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን በጣት መታ መታ አድርጉት።

ፀሐዩን፣ ሰዓቱንና መንገዱን መናቅ

ደጋ ላይ ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ አይታወቃችሁም፤ ማታ ግን ፊታችሁ ተልጦ ታገኙታላችሁ። ኮፍያ ያዙ። ጠዋት 12 ሰዓት የወጣ ሰው መንገዱንም አየሩንም ያገኛል። ጣርማበር በኩል ከሆነ ጉም ስለማይጠፋ ረፈድ አድርጉ፣ ጣሪያውንም ከዋሻው በፊት ዝጉ። የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ከሚያልፏችሁ ጋር አትወዳደሩ፤ በ80 ገደማ ቀኝ ይዛችሁ ሂዱ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመውጣታችሁ በፊት በዚያ መስመር ከሚሠሩ ሾፌሮች አጣሩ።

ስኮርቷን አትርሱ። በብዙ ሞዴሎች ላይ የፊት መስታወት ውሃ የሚረጨው በስኮርት ጎማው አየር ግፊት ነው። ከሌሎቹ ጎማዎች አብልጣችሁ ካልነፋችሁት፣ መስታወቱ ጭቃ ሲመታው ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ምንም አይወጣም።

አቁሞ በየሳምንቱ ሞተር ማስነሳት

“እንዳትበላሽ” ተብሎ ግቢ ውስጥ አምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ከምንም አይቆጠርም። ዘይቱ ሳይግል ስለሚጠፋ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ ውሃ ይቀራል፣ ፍሬኑም እንደያዘ ይደርቃል። በ15 ቀን አንዴ ግማሽ ሰዓት ያህል ነድታችሁ መልሷት። ወደ እንጦጦ ወጥቶ መውረድ ለዚህ ይበቃል።