የአማርኛ ዘፈን በሊኑክስ ማጫወቻ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ ዘፈን በፍላሽና በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የሠርግ ማሲንቆም ሆነ የጥምቀት ጭፈራ፣ ርዕሱን ሁሉም እንደመጣለት ይጽፈዋል። ፍላሹ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ግን ክፍት የሆነ ሲስተም) ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ አንዳንዱ ርዕስ አይነበብም፣ አንዳንዱ ተፈልጎ አይገኝም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ስሙን በላቲን ፊደል ይጽፍና ይገላገላል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የማጫወቻው ምንጭ ኮድ ክፍት ነው፤ ችግሩን ከሥሩ ማረም ይቻላል።

ምሳሌዬ ስትሮቤሪ ነው። ይህ ማጫወቻ በ2018 እ.ኤ.አ. ክሌመንታይን ከተባለ ሌላ ማጫወቻ ኮድ ተገንጥሎ ወጣ። ክሌመንታይንም የተነሳው ከአማሮክ 1.4 ነው። አንዱ የሌላውን ኮድ እየወሰደ አሻሽሎ እዚህ ደርሷል፤ እኛም በዚሁ በር ነው የምንገባው።

በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየ

ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የግዕዝ ፎንት ነው። አቢሲኒካን ወይም የኖቶን የግዕዝ ፎንት ጫኑ፤ ማጫወቻውን ዘግታችሁ ክፈቱ። አለቀ።

ርዕሱ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ከሆነ

በደንብ እዩት። አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ‹ኤ› (á) በየመሀሉ ትደጋገማለች? እንግዲያው ጽሑፉ አልጠፋም። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የጽሑፍ ማስቀመጫ ዘዴ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው። ያ ባይት ለላቲን ፊደል ብቻ በተሠራው የድሮ ዘዴ፣ በላቲን-1 ሲነበብ ነው ያቺ ‹ኤ› የምትወጣው። ኪድ3 በሚባለው የታግ (በፋይሉ ውስጥ ርዕስና ዘፋኝ የሚጻፍበት መረጃ) ማረሚያ ርዕሱን እንደገና ጻፉና አይዲ3 በሚባለው የታግ ዓይነት ስሪት 2.4፣ በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ። ፋይሉ ብዙ ከሆነ አጭር የፓይተን ስክሪፕት ይበቃል፦ ጽሑፉን ወደ ላቲን-1 ባይት መልሶ በዩቲኤፍ-8 ያነበዋል። የሚታየው የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን ዋናው ፊደል ጠፍቷል፤ በእጅ ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለም።

ርዕሱ መሀል ላይ ከተቆረጠ

የድሮው አይዲ3 ስሪት 1 ለርዕስ የሚሰጠው 30 ባይት ነው። ለእኛ 10 ፊደል ማለት ነው። ‹የጎንደር የጥምቀት ጭፈራ› ሁለተኛው ቃል ሳያልቅ ይቆረጣል። ስሪት 1ን አጥፉ፣ ስሪት 2ን አስቀሩ።

ዘፈኑ እያለ ፍለጋው ካላገኘው

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። አንዱ ‹ጎንደር› ይላል፣ ሌላው ‹ጐንደር›። አንዱ ‹ሠርግ›፣ ሌላው ‹ሰርግ›። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ኮዶች ናቸው። ግዕዝ በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚያገኙበት በዩኒኮድ ስሪት 3.0 ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ፣ ያም ትክክል ነበር። ስለዚህ የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን (እኩል የሚላቸውን አጻጻፎች አንድ የሚያደርገው ደንብ) እነዚህን አንድ አያደርጋቸውም፤ ሥራው የማጫወቻው ነው። ለላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይለዩ መፈለግ እንደ መብት ይቆጠራል። ለእኛም ያው ይገባናል።

ስትሮቤሪ የዘፈን ዝርዝሩን የሚያስቀምጠው ኤስኪውላይት በሚባል ትንሽ ዳታቤዝ ነው። እዚያ ላይ አንድ የፍለጋ ዓምድ ጨምሩ። ርዕሱ ወደ ዓምዱ ከመግባቱ በፊት በአንዲት ትንሽ ፈንክሽን (አንድ ሥራ በምትሠራ የኮድ ቁራጭ) ይለፍ፦ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ዐ፣ ዓና ኣ ወደ አ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሓ፣ ኃና ሃ ወደ ሀ፣ ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ኰ ወደ ኮ ይቀየሩ። የቀሩትንም ቤቶች አትርሱ፤ ሡ ሱ፣ ሢ ሲ እያላችሁ እስከ ሳብዑ ውረዱ። ቃላትን የሚለየው ሁለት ነጥብ (፡) ወደ ክፍተት ይቀየር። ኸ ግን ከሀ ጋር አይቀላቀል፤ ድምፁ ሌላ ነው።

ሰው የሚፈልገው ቃልም በዚያችው ፈንክሽን ማለፍ አለበት። አንዱ ወገን ብቻ ካለፈ ፍለጋው ከቀድሞው ይብሳል። ታጉን ራሱን ደግሞ አትንኩ። ‹ጐንደር› ብሎ የጻፈ ሰው አጻጻፉ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ሊታይለት ይገባል።

ኮዱን አርማችሁ አሁንም ካልተገኘ፣ የድሮዎቹ ዘፈኖች አዲሱ ዓምድ ላይ ባዶ ስለሆኑ ነው። ስብስቡን በሙሉ ዳግም አስቃኙ። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ከዚያ በፊት የዳታቤዙን ፋይል ሌላ ቦታ ቅዱት። ከዚያ ለውጡን ከነሙከራ ኮዱ ለፕሮጀክቱ ላኩ፤ ‹ጎንደር› ተጽፎ ‹ጐንደር› መገኘቱን የሚፈትሽ አንድ መስመር አይቅር።