በጋራ ዳታቤዝ ላይ ማን ምን እንደለወጠ እንዴት መመዝገብ ይቻላል?

ሦስት ሠራተኞች በሚጠቀሙበት የቁጠባና ብድር ማኅበር ዳታቤዝ ውስጥ የአንድ አባል ሂሳብ ከ12,000 ብር ወደ 2,000 ብር ወርዶ ቢገኝ፣ «መጨረሻ ያረመው» የሚል ዓምድ ብዙም አይረዳም። ስልክ ቁጥር ለማረም በኋላ የገባው ሠራተኛ ስም ቀድሞ ሂሳቡን ያበላሸውን ስም ደምስሶታል። የሚያስፈልገው ሙሉ የለውጥ ታሪክ ነው። ፖስትግሬስ በተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር እንዲህ ይሠራል።

መጀመሪያ ለብቻው የታሪክ ሠንጠረዥ ይክፈቱ፤ የመዝገቡን መለያ ቁጥር፣ የድርጊቱን ዓይነት፣ የቀድሞውንና አዲሱን ረድፍ፣ የለዋጩን ማንነትና ጊዜውን ይያዝ። ለሁለቱ ረድፎች «ጄሰንቢ» የተባለውን፣ ሙሉውን ረድፍ ከዓምዶቹ ስም ጋር በአንድ ቦታ የሚይዝ የዳታ ዓይነት ይምረጡ፤ ነገ ዋናው ሠንጠረዥ ዓምድ ቢጨመርበት ታሪኩን መነካካት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ትሪገር ይጻፉ፤ ረድፍ ሲገባ፣ ሲሻሻል ወይም ሲሰረዝ ዳታቤዙ በራሱ የሚያስኬደው አጭር ትእዛዝ ነው። «ኦልድ» የቀድሞውን ረድፍ፣ «ኒው» አዲሱን ይሰጠዋል። ይህን ሥራ ሠራተኞቹ ለሚከፍቱት ፕሮግራም መተው ይቀላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው በሌላ መሣሪያ በቀጥታ ሠንጠረዡን ቢያርም ዱካው አይገኝም።

አስቸጋሪው «ማን» የሚለው ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኙት በአንድ የጋራ የተጠቃሚ ስም በመሆኑ፣ ትሪገሩን እንዲሁ ከተዉት የሁሉንም ሥራ በዚያው ስም ይመዘግበዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ባይኖር ይሻላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚቀሩ ትእዛዞች ስብስብ) መጀመሪያ ላይ የሠራተኛውን መለያ በ«ሴት ሎካል»፣ ማለትም ለዚያ ትራንዛክሽን ብቻ በሚጸና ትእዛዝ፣ ያስቀምጥ፤ ትሪገሩ ከዚያ ያንብበው። «ሎካል» የሚለው አይቅር፤ አንድ ግንኙነት ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍበት አሠራር የአንዱ ስም በሌላው ሥራ ላይ የሚለጠፈው እርሱ ሲቀር ነው።

ጊዜው ከሰዓት ቀጠና ጋር ይቀመጥ። ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው ለአንባቢ ሲቀርብ ብቻ ይሁን፤ ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት 06:00 ያለው ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።

የታሪኩን ሠንጠረዥ የማሻሻልና የመሰረዝ ፈቃድ ለጋራው ስም አይሰጥ፤ የሠንጠረዡ ባለቤትም እርሱ አይሁን።

ታሪክ መያዝ ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ያንኑ መዝገብ ከፍተው አንዱ የሌላውን እርማት እንዳይሽር አይከላከልም። ለዚህ ዋናው ሠንጠረዥ በየእርማቱ የሚጨምር የእትም ቁጥር ይኑረው። እርማቱ የሚጸናው መዝገቡ ሲከፈት የነበረው ቁጥር ካልተለወጠ ብቻ ነው፤ ዳታቤዙ «0 ረድፍ ተሻሻለ» ካለ ፕሮግራሙ አዲሱን መዝገብ አሳይቶ ሠራተኛውን እንደገና ይጠይቀው።