የንፋስ ኃይል ማመንጫ ከመተከሉ በፊት የአርኪዮሎጂ አሰሳ እንዴት ይሠራል?

ተርባይን የሚተከለው ንፋስ የማያጣው ከፍታ ላይ ነው። የጥንት የድንጋይ ክምር መቃብሮችም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙት እዚያው ነው። ስለዚህ አሰሳው የተርባይኖቹ ቦታ ሳይቆረጥ ይጀመር። ዲዛይኑ ገና እያለ አንዱን ተርባይን ትንሽ ፈቀቅ ማድረግ ይቻላል። ኮንክሪት ከፈሰሰ ግን አለቀ።

መጀመሪያ ፈቃድ አውጡ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አሰሳም ሆነ ቁፋሮ አይካሄድም። ቀጥሎ ቀበሌ ሄዳችሁ ሥራችሁን አስረዱ።

ካርታ ላይ ተጠንቀቁ። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ የተሠሩ ናቸው። ስልክና ጂፒኤስ የሚጠቀሙት ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ነው። ሳይስተካከሉ ከተቀላቀሉ ነጥባችሁ 200 ሜትር ገደማ ይስታል።

ተርባይኑ የሚቆምበትን ብቻ ማየት አይበቃም። አዳማ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫ 102 ተርባይኖች አሉት። እያንዳንዱ መንገድ፣ የክሬን መቆሚያና የኬብል ቦይ ይፈልጋል። ብዙ አፈር የሚገለበጠው በእነዚህ ነው። ስለዚህ መንገዱንም በ10 ወይም በ20 ሜትር ልዩነት ተሰልፋችሁ በእግር ሂዱበት። በመኪና መስኮት ገል አይታይም። ጊዜው አዝመራ ከተነሳ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ አዲስ የታረሰ ማሳ ላይ ገልና የባልጩት ስባሪ ወደ ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፦ የድንጋይ ክምር። ገበሬው ከማሳው ለቅሞ የከመረው ነው ወይስ መቃብር? ከላይ ብቻ አይቶ መፍረድ ትልቅ ስህተት ነው። ገበሬ ማሳውን ሲያጸዳ ድንጋዩን የሚጥለው ድሮም ክምር ባለበት ላይ ነው። አናቱ የዘንድሮ፣ ሥሩ የጥንት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ እግሩን ዙሩት። ትልልቅ ድንጋዮች ጎን ለጎን ተደርድረው ክብ ሠርተዋል? ግማሽ አካላቸው አፈር ውስጥ ገብቷል? የድንጋይ ሽበቱስ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚያድገው ልባስ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ተያይዟል? የለቀማ ክምር ላይ ግን ትልቁም ትንሹም እንደወደቀ ነው፤ ሽበቱም አንዳንዴ ወደ ታች ተገልብጦ ይገኛል። ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ እንዳለች ተመልከቱ፤ ጥላው ክቡን ያወጣዋል። ከተጠራጠራችሁ «ሊሆን ይችላል» ብላችሁ መዝግቡ እንጂ አትሰርዙ። አንድም ድንጋይ አታንሱ።

ከዚያ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቁ። «ቅርስ አለ ወይ?» ብላችሁ ግን አትጀምሩ፤ ወርቅ ፈላጊ ትመስላላችሁ። «አባባ፣ ይቺ ቦታ ለምን አትታረስም?» በሉ። እኔ ከድሮንም ከሳተላይት ፎቶም ይህን ጥያቄ አስበልጣለሁ። መልሱን እንደተነገራችሁ ጻፉት።

በመጨረሻ እያንዳንዱን ነጥብ ከፎቶውና ከመከለያ ርቀቱ (በዙሪያው ሥራ የማይገባበት ስፋት) ጋር ለባለሥልጣኑም ለመሐንዲሶቹም ስጡ። የመንገድ ዲዛይኑ ሲለወጥ አዲሱን መስመር እንደገና በእግር ሂዱበት።