ያሰላችሁት ጂፒኤ ከሬጅስትራሩ ጋር አልገጥም ሲል

ቱሉ ዲምቱ ወይም ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ላለ ተማሪ 6 ኪሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ደርሶ መመለስ ቀኑን ይበላዋል፤ አርብ ከሆነማ ከ5:30 እስከ 7:30 ቢሮው ለምሳ ይዘጋል። ሕክምና፣ ፋርማሲ ወይም ሕግ ለመግባት የሚወዳደር ፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) “ውጤቴ ተሳስቷል” ብሎ ታክሲ ከመሳፈሩ በፊት ቤቱ ቁጭ ብሎ ይህን ይፈትሽ።

ስልክ ላይ የወጣው ከፖርታሉ (ከዩኒቨርሲቲው የውጤት ድረ ገጽ) ካነሰ

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአፑ ነው። ከስልክ ላይ የሚወርዱ ብዙ የጂፒኤ (የሴሚስተር አማካይ ውጤት) ማስያዎች በአሜሪካ ሚዛን የተሠሩ ናቸው፦ ኤ ማይነስ 3.7፣ ቢ ፕላስ 3.3፣ ቢ ማይነስ 2.7፣ ሲ ፕላስ 2.3። እኛ ጋ ግን ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5 ነው። ከታች በምሳሌው 3.25 የሚመጣው ሴሚስተር በእንዲህ ያለ አፕ 3.17 ይሆናል። አጥፉት፤ ተራ ካልኩሌተር ይበቃል።

ያሰላችሁት ከፖርታሉ ከበለጠ

የትምህርት ክፍል ምደባ በደረሰ ቁጥር የሚመላለሰው ይሄ ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ የክሬዲት አወሩን (የኮርሱን ክብደት) ዓምድ ማንም አያየውም።

አንደኛ ሴሚስተር እንውሰድ፣ ሁሉም ባለ 3 ክሬዲት። እንግሊዝኛ ኤ ማይነስ፣ 3 × 3.75 = 11.25። ሳይኮሎጂ ኤ፣ 12። ጂኦግራፊ ቢ ፕላስ፣ 10.5። ሎጂክ ቢ፣ 9። ማትስ ቢ ማይነስ፣ 8.25። ፊዚክስ ሲ ፕላስ፣ 7.5። ድምሩ 58.5፣ ለ18 ሲካፈል 3.25። ፊዚካል ፊትነስ ፒ (አልፏል) ስለሆነ ነጥቡም ክሬዲቱም አይገባም።

ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ አንትሮፖሎጂ፣ ሲቪክስና ግሎባል ትሬንድስ ባለ 2 ክሬዲት ናቸው፤ ሦስቱም ኤ ቢሆኑ እያንዳንዳቸው 8 ያመጣሉ። እንግሊዝኛ ኤ ማይነስ 11.25፣ ባዮሎጂ ቢ ፕላስ 10.5፣ ኬሚስትሪ ቢ 9፣ እነዚህ ባለ 3 ናቸው። 54.75 ለ15፣ 3.65። ክሬዲቱን ትቶ ግሬዶቹን ደምሮ ለ6 ያካፈለ ግን 3.71 ያገኛል፤ ምክንያቱም ኤዎቹ ያሉት ትንሽ ክሬዲት ባላቸው ኮርሶች ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ደግሞ ይህ ነው። ሲጂፒኤ (የሁሉም ሴሚስተር አጠቃላይ ጂፒኤ) ለማግኘት 3.25 እና 3.65 ደምሮ ለ2 ማካፈል፣ 3.45። ትክክለኛው የሁለቱም ሴሚስተር ነጥብ ለሁለቱም ክሬዲት ነው፦ 113.25 ለ33፣ 3.43። ወላጅ አስከትሎ ሬጅስትራር መስኮት ላይ የሚከራከር ተማሪ ብዙ ጊዜ የያዘው ይህቺን 0.02 ነው፤ ሕክምና ውድድር ላይ ደግሞ 0.02 ቀላል አይደለችም፣ በሌለ ነጥብ ምርጫ ታስሞላለች።

በቴሌግራም የሚዞረውን ኤክሴል አትመኑ። ግሬዱ የተደመረበትን ሳጥን ነክታችሁ ቀመሩን እዩ፤ ክሬዲቱ ካልተባዛ ዝጉት። መሃል ላይ አታጠጋጉ፤ የምታጠጋጉት መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት በድጋሚ የተጻፈ ግሬድ ሪፖርትም አትያዙ፤ ከፖርታሉ በቀጥታ ይታተም።

በ0.01 ብቻ ከተለያየ

ክሬዲት አወርና ኢሲቲኤስ (ሌላው የኮርስ ክብደት መለኪያ) ተቀላቅሎ ይሆናል። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ነው። ባለ 2ቱ በ3 ኢሲቲኤስ ተመዝግበው ከሆነ ያው 3.65 ወደ 3.64 ይወርዳል። ግሬድ ሪፖርቱ በያዘው አንዱ ብቻ አስሉ።

ኤንጂ (ግሬድ ያልገባለት) ወይም አይ (ያልተሟላ) ካለ ጂፒኤው ገና አልተጠናቀቀም፤ መምህሩን ዛሬውኑ ያዙ። የተደገመ ኮርስ ክሬዲቱ ሁለቴ አይደመርም፤ የትኛው ግሬድ እንደሚያዝ የዩኒቨርሲቲው ሕገ ደንብ ላይ አለ።

ጂፒኤው ትክክል ሆኖ የምደባ ነጥቡ ካልገጠመ

ዩኒቨርሲቲው የ12ኛ ክፍል ውጤት ደምሮ ይሆናል። ለሲጂፒኤ 50 ከመቶ ከተመደበ፣ ፖርታሉ ላይ ያለው 3.43 ለ4 ተካፍሎ በ50 ይባዛል፣ 42.88። የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁ ፈተናው ለሚታሰብበት ሙሉ ነጥብ ተካፍሎ በራሱ ድርሻ ይባዛል። ድርሻው በየማስታወቂያው ስለሚለያይ የአምናውን አትጠቀሙ።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ አሁንም ልዩነት ካለ፣ ፖርታሉ ላይ ያለውን ፊደል መምህሩ ከለጠፈው ጋር አስተያዩ። ፊደሉ ከተለየ መጀመሪያ መምህሩ ጋ፣ ከዚያ ዲፓርትመንት። ሬጅስትራር በራሱ ግሬድ አይቀይርም፤ የግሬድ ማስተካከያ ቅጹ ተፈርሞ ሲደርሰው ነው የሚመዘግበው።