ለነፃ ዋይፋይ እንግዶቻችሁ የእንኳን ደህና መጣችሁ ገፅ እንዴት ይሠራል?

ካፌ ወይም የእንግዳ ማረፊያ አላችሁ፣ ዋይፋዩም በነፃ ነው። እንግዳው ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት የእናንተን ገፅ እንዲያይ ማድረግ ትችላላችሁ። እዚህ የማሳየው በማይክሮቲክ ራውተር ነው። ሥራው ራውተሩ ውስጥ ስለሚያልቅ ሌላ ሰርቨርም ወርሃዊ ክፍያም አይጠይቅም። ደረጃ 4 የሶፍትዌር ፈቃድ (ላይሰንስ) ያለው ራውተር በአንድ ጊዜ እስከ 200 ሰው ያስተናግዳል።

1. መጀመሪያ መስመሩን ለዩ። የካሸሯ ኮምፒውተርና ካሜራው ባሉበት መስመር ላይ እንግዳ መግባት የለበትም። ለእንግዶች ሌላ የዋይፋይ ስም ፍጠሩ። ከዚያ ወደ ቢሮው መስመር የሚያሻግረውን መንገድ በፋየርዎል (በራውተሩ የመከላከያ ደንቦች) ዝጉ። ይህን ሳትጨርሱ ወደ ገፁ አትሂዱ።

2. የማይክሮቲክ ራውተር የሚስተካከልበትን ፕሮግራም፣ ዊንቦክስን፣ ክፈቱ። ከአይፒ ሜኑ ሆትስፖትን፣ ከዚያ ሆትስፖት ሴታፕን ተጫኑ። የእንግዶቹን መስመር ምረጡ። ለሚቀጥሉት ጥያቄዎች ራሱ የሚያቀርበው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

3. እዚያው ሆትስፖት ላይ፣ በሰርቨር ፕሮፋይል ውስጥ ትራያል የሚለውን አብሩ። እንግዳው ያለ ፓስዎርድ የሚገባው በዚህ ነው። ካልነካችሁት በቀን 30 ደቂቃ ይሰጣል። ላፕቶፕ ይዞ ለሚቀመጥ ደንበኛ ይህ አይበቃምና ጨምሩለት። አንዱ ቪዲዮ ሲያወርድ ሌላው እንዳይቸገር የፍጥነት ገደብም አድርጉ።

4. አሁን ገፁ። ፋይልስ ውስጥ ሆትስፖት የሚል ፎልደር አለ። ሎግኢን የሚለውን ፋይል ወደ ኮምፒውተር አውጡ፣ ኮፒውን አስቀምጡ፣ ከዚያ ጽሑፉን ቀይሩ። በዶላር ምልክት የሚጀምሩትን ቃላት አትንኩ፤ ራውተሩ የሚሞላቸው እሱ ነው። ስታስቀምጡ የጽሑፉ ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) ይሁን፣ አለዚያ አማርኛው ይበላሻል። ከዚያ ፋይሉን ወደ ነበረበት ፎልደር መልሱት።

እንግዳው ገፁን ሲያይ ገና ኢንተርኔት የለውም። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ፎንት ወይም ፎቶ አይከፈትለትም። ምስሉን አሳንሳችሁ እዚያው ፎልደር ውስጥ አስገቡት። የቤቱ ስም፣ ሁለት መስመር ደንብና አንድ ትልቅ ቁልፍ በቂ ነው። ስልክ ቁጥር ባትጠይቁ ደስ ይለኛል። ቡና ለመጠጣት የገባ ሰው ስልኩን የመስጠት ግዴታ የለበትም፣ የሰበሰባችሁትን መጠበቅም የእናንተ ዕዳ ይሆናል።

5. ገፁ ብቅ ካላለስ? ስልክ ዋይፋይ ሲይዝ ኢንተርኔት መኖሩን ለማወቅ ወደ አንድ የታወቀ አድራሻ ጥያቄ ይልካል። አንድሮይድ የጎግልን፣ አይፎን የአፕልን አድራሻ ይጠይቃል። ያልጠበቀው መልስ ሲመጣለት ገፁን ይከፍታል። ስለዚህ ዋልድ ጋርደን በሚባለው፣ እንግዳው ሳይገባም የሚከፈቱ አድራሻዎች በሚጻፉበት ዝርዝር ውስጥ የጎግልን አድራሻ በጅምላ አትፍቀዱ፤ ስልኩ ኢንተርኔት ያገኘ መስሎት ገፁን ሳያሳይ ያልፋል። በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) የሚከፈት ድረ ገፅ ደግሞ ብራውዘሩ ስለሚከላከል በደንብ ወደ እናንተ አይመለስም። እንግዳው ከተቸገረ ብራውዘሩ ላይ ኔቨር ኤስኤስኤል ዶት ኮም (neverssl.com) ብሎ እንዲጽፍ ንገሩት፤ ይህ ያልተመሰጠረ ድረ ገፅ ስለሆነ፣ ገፁ ይመጣለታል።

በአንድሮይድም በአይፎንም ሞክሩት። እንደገና ለመሞከር ስልካችሁን ሆትስፖት ውስጥ አክቲቭና ኩኪስ ከሚሉት ዝርዝሮች ሰርዙ።