በአሮጌ ቫን ከስልክና ከፍላሽ ሙዚቃ ማጫወት፦ ችግሮቹና መፍትሄዎቻቸው

የኋላ ወንበሩ ወጥቶ አልጋና ምድጃ የገባለት የድሮ ሃይስ ወይም ኮስተር ይዞ ወደ ክፍለ ሀገር የሚወጣ ሰው ሙዚቃ የሚሰማባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም፤ ካሴት አዳፕተር (በገመድ ከስልክ ጋር ተያይዞ እንደ ካሴት የሚገባ)፣ ኤፍኤም ትራንስሚተር (የስልኩን ሙዚቃ በኤፍኤም ሞገድ ወደ መኪናው ሬዲዮ የሚያሰራጭ ትንሽ ዕቃ)፣ ፍላሽና ብሉቱዝ ያለው አዲስ ቴፕ፣ ወይም የራሱ ባትሪ ያለው ስፒከር። የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስነው መኪናው ነው። ስለዚህ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ባትሪውን ይዩ። ሃይስ 12 ቮልት ነው። የናፍጣ ኮስተር ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ የታሰሩበት 24 ቮልት ስለሆነ የ12 ቮልት ቴፕ በቀጥታ ቢታሰርበት ይቃጠላል። «ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ሳብ» የሚሉ አሉ፤ አይስሟቸው። አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ እየጎደለ፣ ሌላው ከልክ በላይ እየሞላ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ያስገጥሙ።

ትራንስሚተሩ በርቷል፣ ሬዲዮው ግን አያገኘውም

የሬዲዮውን ቁጥሮች ይመልከቱ። ከ76 ተነስቶ 90 ላይ የሚያልቅ ከሆነ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው። ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 የማይገቡለትም ለዚሁ ነው። አብዛኞቹ ትራንስሚተሮች ደግሞ የሚያሰራጩት ከ87.5 እስከ 108 ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ቦታ ብቻ ስለሆነ ትራንስሚተሩን 88.1 ወይም 88.5 ላይ አድርገው ሬዲዮውን እዚያው ያምጡት።

ከተማ ውስጥ ጥርት ብሎ ሲሰማ ቆይቶ መንገድ ላይ ሹሹ ማለት ከጀመረ፣ የያዙት ቁጥር ላይ ወይም አጠገቡ ሌላ ጣቢያ ገብቷል ማለት ነው። የትራንስሚተር ጉልበት በጣም ትንሽ ስለሆነ እውነተኛ ጣቢያ በቀላሉ ይሸፍነዋል። ትራንስሚተሩን አጥፍተው ከላይም ከታችም ባዶ የሆነ ቁጥር ይፈልጉ፤ ሌላ ከተማ ሲደርሱ እንደገና ይፈልጉ። የስልኩን ድምፅ ከፍ፣ የሬዲዮውን ዝቅ ማድረግም ሹሹታውን ይቀንሳል። በኔ እምነት ትራንስሚተር ለጊዜው እንጂ ለረጅም መንገድ የሚሆን ዕቃ አይደለም።

ካሴት አዳፕተር ከዚህ ይሻላል። ቴፑ አዳፕተሩን እያገላበጠ አላስቀምጥ ካለ ካሴቱ ያለቀ መስሎት ነው፤ አውቶ ሪቨርሱን ያጥፉት። ድምፁ ከደፈነ ካሴቱን የሚያነበውን የቴፑን ራስ (ሄድ) አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉት።

አዲሱ ቴፕ ፍላሹን አያነብም፣ ወይም ዘፈን እየዘለለ ያልፋል

ፍላሹን ጭራሽ ካላወቀው ችግሩ ፎርማቱ ነው። ርካሽ ቴፖች የሚያነቡት ፋት32 ብቻ ነው፤ ትልልቅ ፍላሾች ግን ከሱቅ ሲወጡ ኤክስፋት ናቸው። 32 ጊጋ ወይም ከዚያ ያነሰ ፍላሽ ገዝተው በፋት32 ፎርማት ያድርጉት። ፍላሹን አውቆ አንዳንዱን ዘፈን የሚዘል ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ኤምፒ3 ስላልሆነ ነው፤ ከኢንተርኔት የሚወርደው ብዙ ጊዜ ኤም4ኤ ወይም ኦፐስ ነው። ስሙን ብቻ ቀይሮ ኤምፒ3 ማለት አይሠራም፤ በፕሮግራም መቀየር አለበት።

በአማርኛ የተጻፈው የዘፈን ስም አራት ማዕዘን ሆኖ ከታየ ቴፑ የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ፎልደሮቹን በቁጥር ይሰይሟቸው። ብዙ ቴፖች ዘፈኖቹን የሚያጫውቱት ወደ ፍላሹ በገቡበት ቅደም ተከተል ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የሚያሳስብዎ ከሆነ አንድ በአንድ በተራ ይገልብጧቸው። ይህ ልፋት ዋጋ አለው። ኔትወርክ በሌለበት ቆላ ውስጥ የሚያዘፍነው ፍላሽ ነው፤ ስልክዎም ባትሪው ለካርታ ይቀርለታል።

ነዳጅ ሲሰጥ አብሮ የሚጮህ ፉጨት

የፉጨቱ ቃና ከሞተሩ ዙር ጋር ከፍና ዝቅ ካለ ምንጩ ዲናሞው የሚልከው ኤሌክትሪክ ነው። ወደ ቴፑ በየት በኩል እንደገባ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ ስልኩን በኦክስ ገመድ (ከስልኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ቴፑ በሚሄደው) ያገናኙ፤ ከዚያ ቻርጀሩን ከሲጋራ መለኮሻው ይንቀሉ። ፉጨቱ ወዲያው ከጠፋ ስልኩ በቻርጀሩም በኦክሱም በኩል ከመኪናው ኔጌቲቭ ጋር ስለተገናኘ ነው። ስልኩን በፓወር ባንክ ቻርጅ ያድርጉ፣ ወይም በኦክሱ ገመድ መሃል ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር (ይህን ፉጨት የሚያግድ ትንሽ ዕቃ) ያስገቡ።

ካልጠፋ ኦክሱንም ይንቀሉት። አሁንም ካፏጨ የቴፑ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው የኔጌቲቭ መስመር) ደካማ ነው። ጥቁሩን ገመድ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ የተጋለጠ ብረት ላይ በብሎን ያሳስሩት። ይህም ካልረዳ ኤሌክትሪሺያኑ የዲናሞውን ዳዮዶች ይፈትሽ።

መኪናው በቁልፍ በጠፋ ቁጥር ቴፑ ሰዓቱን ይረሳል፣ ወይም ከገጠሙት ወዲህ ድምፁ ይቆራረጣል

በአዲስ ቴፕ ገመድ ላይ ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል የሚያገኘው፣ ቀዩ በቁልፍ የሚበራው ነው፤ ቢጫው በቁልፍ ከሚበራው መስመር ጋር ከታሰረ ቴፑ ሰዓቱን ይረሳል። በቶዮታ በኩል አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊና ቢጫ የተቀላቀለበት ገመድ የማያቋርጠው፣ ግራጫው በቁልፍ የሚበራው፣ ቡናማው ማሳው ነው። መኪናው አርጅቷልና በሜትር ሳያረጋግጡ ቀለም አይመኑ። የመኪናውን ሶኬት ከማስቆረጥ የቶዮታ ማገናኛ መግዛት ይሻላል። የቶዮታ ዳሽቦርድ ክፍተት ብዙ ጊዜ 200 ሚሊ ሜትር ሲሆን መደበኛ ቴፕ 180 ነው፤ ግራና ቀኝ የሚቀረው ክፍተት በፕላስቲክ ይሞላል።

በጣም አሮጌ መኪና ላይ፣ ለምሳሌ በቆዩ ፎልክስዋገን ኮምቢዎች፣ የስፒከሩ ኔጌቲቭ ከመኪናው አካል ጋር ታስሮ ሊገኝ ይችላል። የዛሬ ቴፕ ይህን አይችልም፤ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ከቴፑ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ሁለት ሁለት አዲስ ገመድ ይዘርጉ።

ማታ ሙዚቃ ተሰማ፣ ጠዋት ሞተሩ አልነሳም

ቴፕ በመካከለኛ ድምፅ 2 አምፔር ያህል ቢስብ በ5 ሰዓት 10 አምፔር ሰዓት ሄደ ማለት ነው። መብራትና ፍሪጅ ሲጨመርበት ያረጀ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሞተር ማስነሳት ያቅተዋል። ሞተር ጠፍቶ ቆይቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ 12.2 ሲደርስ ቴፑን ያጥፉት። ዘላቂው መፍትሄ ለመኖሪያው ክፍል ሁለተኛ ባትሪ ማስገባትና ዲናሞው ሲሞላ ብቻ ሁለቱን የሚያገናኝ ሪሌ ማስገጠም ነው፤ በሁለቱም ባትሪዎች አጠገብ ፊውዝ ይግባ። ለዚህ አቅም እስኪገኝ ድረስ ቀን ሲነዱ ቴፑን፣ ማታ ቆመው ሲያድሩ ደግሞ በመንገድ ላይ ቻርጅ የተደረገ ብሉቱዝ ስፒከር ይጠቀሙ።