የሕግ መጽሐፍ ስትገዙ ቁጥሩን እዩ

ባሕር ዳር ላይ መጽሐፍ የምታገላብጡ ሁሉ ይቺን ያዙልኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም እየታተመ ይሸጣል። ሽፋኑ አዲስ ስለሆነ ብቻ ውስጡ ያለው ሁሉ ይሠራል ብላችሁ እንዳትገዙ።

ስለ ጋብቻና ስለ ባልና ሚስት ንብረት የሚያወራው ክፍል ተሽሯል። በአማራ ክልል የወጣው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ብዙ ሰው የሚገዛው 213/1992 የፌዴራሉ ነው፤ እሱ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ስለዚህ ሻጩን በደፈናው "የቤተሰብ ሕግ አለ?" አትበሉት። በቁጥሩ ጠይቁት።

አሮጌውን የ1952ቱን ሕግ ግን አትናቁት። ውርስ ያለው እዚያው ነው፣ ከአንቀጽ ቁጥር 826 ጀምሮ። ቁጥር 881ን በተለይ አንብቡ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። ይህ መደረጉና የተጻፈበት ቀንም በኑዛዜው ላይ መገለጽ አለበት። ይህን ባለማወቅ ወንድምና እህት ፍርድ ቤት ሲቆሙ ማየት ያንገበግባል። የገጠር መሬት ከሆነ ደግሞ የራሱ አዋጅ አለው፤ እሱን ለብቻው ጠይቁ።

መጽሐፉ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ከሆነ ገንዘብ ሳትከፍሉ የአንቀጽ ቁጥሮቹን ተከተሉ። ከ880 ወደ 885 ከዘለለ ገጽ ጎድሏል፣ መልሱት።

ፍትሐ ነገሥትም ካገኛችሁ ግዕዙ ከነአማርኛ ትርጓሜው ያለበትን ምረጡ። የአባቶችን የፍርድ አስተሳሰብ ለማወቅ ድንቅ ነው። ለፍርድ ቤት ክርክር ግን ለጋብቻ 79/1995ን፣ ለውርስ የ1952ቱን ያዙ።